ሲስሊ ሳውንደርስ፤ የሟችን ሥቃይ መስማት ያስተማሩ ነርስና ሐኪም

ከሰቆጣ ራቅ ካሉት የዋግ ኽምራ መንደሮች በቃሬዛ ተጭኖ፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን አልፎ ሆስፒታል የሚደርስ ጽኑ ሕመምተኛ፣ ምኑን እንደሚያመው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሰጠው መልስ ለፈጣሪ ምስጋና ማቅረብ ነው። ከዚያ በኋላ አብሮት የመጣው ወንድሙ ወይም ልጁ በእርሱ ፈንታ ይናገራል። ሕመምተኛው ከኽምጣና በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቅ፣ ነርሷም ከአማርኛ በቀር የማትሰማ በሆነች ጊዜ ደግሞ፣ ሥቃዩ አንድ ጊዜ በአስተርጓሚው አፍ፣ ሌላ ጊዜ በመዝገቡ ብዕር እየተቀነሰ ይሄዳል። የሌሊት ተረኛዋ ስትገባ የምታነበው፣ በሽተኛው ጸጥ ብሎ መዋሉን ነው። ጸጥታው የዕረፍት ይሁን የሥቃይ ግን የጠየቀ የለም።

ይህን ነገር የደጋው ሰው ቻይነት ብቻ የወለደው አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ሐኪምም መድኃኒትም በማይታጣበት በለንደን ከተማ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ይኸው ጸጥታ በየሆስፒታሉ ሰፍኖ ይገኝ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያንን ጸጥታ ያዳመጡት፣ በነርስነት፣ በማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛነት፣ በመጨረሻም በሐኪምነት ያገለገሉት እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሳውንደርስ ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚጠቅም ብዙ ነገር ስላለው እነሆ እዚህ ቀርቧል፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ሲስሊ በ1918 ዓ.ም. ሰኔ 22 ቀን ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው ባርኔት ተወለዱ። አባታቸው በቤትና በመሬት ሽያጭ ሥራ የበለጸጉ ሰው ስለነበሩ ቤቱ ምንም የጎደለው አልነበረም፤ የጎደለው በወላጆቻቸው መካከል ሊኖር የሚገባው ሰላም ነበር። ልጅቱ ቁመታቸው የረዘመ፣ ዓይነ አፋር፣ በአዳሪ ትምህርት ቤትም ከጓደኞቻቸው ጋር ያልተዋሐዱ ነበሩ። ጀርባቸውም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያማቸው ነበር። ሰው ሳይናገር የሚሸከመው ሕመም ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ አካላቸው ተምረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1938 ዓ.ም. ኦክስፎርድ ገብተው ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚ መማር ጀምረው ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ግን በመጻሕፍት መካከል መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ በ1940 ዓ.ም. ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ፍሎረንስ ናይቲንጌል ባቋቋሙት የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። በ1944 ዓ.ም. ተመረቁ። ሥራውን እንደሚወዱት ያስተዋሉ ሁሉ ይመሰክሩላቸው ነበር፤ ነገር ግን በሽተኛ ማንሣትና ማገላበጥ የታመመ ጀርባ የሚችለው ተግባር ባለመሆኑ፣ ሐኪሞች ሥራውን እንዲተዉ አዘዙ። በሃያ ስድስት ዓመት ዕድሜ የሚወዱትን ሙያ ማጣት ቀላል ኀዘን አይደለም። ወደ ኦክስፎርድ ተመልሰው ትምህርታቸውን ፈጸሙና፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የድኾችን ሕሙማን የኑሮ ችግር የሚከታተሉት ሠራተኞች ይሰጣቸው የነበረውን ሥልጠና ተቀበሉ። ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሳይርቁ ለመቆየት የተገኘው መንገድ ይህ ብቻ ነበር።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ዴቪድ ታስማ ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቁ። ታስማ ዕድሜው አርባ ገደማ የሆነ፣ ከዋርሶ የመጣ ፖላንዳዊ ይሁዲ ስደተኛ ነበር፤ በለንደን በምግብ ቤት አሳላፊነት ይሠራ ነበር። ነቀርሳው በቀዶ ጥገና ሊወጣ ከሚችልበት ደረጃ አልፎ ነበር። ዘመድ አልነበረውም፤ ቋንቋውም ባዕድ፣ እምነቱም ባዕድ፣ አገሩም የጠፋ። በተጨናነቀ የሕሙማን ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ሲስሊ እየተመላለሱ ይጎበኙት ጀመር። የሥጋው ሕመም ከባድ ነበር፤ በወሬያቸው መካከል ግን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሌላ መሆኑን ቀስ በቀስ አወቁ፤ በምድር ላይ አንዳች ነገር ሳይሠራ፣ ማንም ሳያስታውሰው፣ ውኃ ላይ እንደ ወደቀ ጠጠር ጠፍቶ መቅረቱ ነበር። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች የሚያርፉበት፣ ሥቃያቸውም የሚቃለልበት፣ ስማቸውም የሚታወቅበት ቤት ቢኖር ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ሁለቱ ይነጋገሩ ነበር። በየካቲት 1948 ዓ.ም. ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላቸው፤ ወደፊት በሚሠሩት ቤት ውስጥ መስኮት ሆኖ መታሰብን ፈለገ። ቤቱ እስኪሠራ 19 ዓመት ፈጅቷል።

ከታስማ ሞት በኋላ ሲስሊ ለድኾች ሟቾች በ1893 ዓ.ም. በተቋቋመው በቅዱስ ሉቃስ ቤት ማታ ማታ በነጻ በነርስነት ማገልገል ጀመሩ። እዚያ ያዩት ነገር ለመላው ሥራቸው መሠረት ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በታላላቆቹ ሆስፒታሎች ሞርፊን የሚታዘዘው፣ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲሰጥ እየተባለ ነበር። ሲያስፈልግ የሚለው ቃል ቀና ይመስላል፤ በተግባር ግን ሕመምተኛው መድኃኒቱን ለማግኘት በቅድሚያ መሠቃየት፣ ከዚያም ሥቃዩን ማሳመን ነበረበት ማለት ነው። ጠያቂው እንደ ነዝናዛ፣ ዝም ያለው እንደ ደኅና ይቆጠር ነበር። መርፌው ሲሰጥም ሕመሙ ከጣራ በላይ ወጥቶ ስለሚቆይ መጠኑ ከፍ ይደረጋል፤ ሰውዬው ይደነዝዛል፤ ሲነቃ ያው ሥቃይ ይጠብቀዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜም በፍርሃት ያልፋል። በቅዱስ ሉቃስ ቤት ግን ነርሶቹ መድኃኒቱን በአፍ፣ በየ4 ሰዓቱ፣ ሕመሙ ተመልሶ ሳይመጣ ቀድመው ይሰጡ ነበር። ሕሙማኑ አልደነዘዙም፤ ይነጋገሩ፣ ይበሉ፣ ልጆቻቸውን ይቀበሉ ነበር። ይህን ልማድ ያቆዩት የምርምር ሰዎች ሳይሆኑ፣ ሰዓት ማየት የሚያውቁ ነርሶች መሆናቸውን ማኅበራችን ሊዘነጋው አይገባም።

ሲስሊ ይህ ነገር ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች እንዲስፋፋ ፈለጉ። ኖርማን ባሬት የሚባሉ የታወቁ የደረት ቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ሐኪሞች ሟቾችን ችላ እንደሚሏቸው፣ በዚህ ጉዳይም የነርስ ቃል እንደማይሰማ፣ ስለዚህ ሕክምና ተምረው ራሳቸው ሐኪም እንዲሆኑ መከሯቸው። ምክሩ የዘመኑን ሥርዓት ትዕቢት የሚያሳይ ቢሆንም እውነትነት ነበረው። በ33 ዓመታቸው ከወጣቶች ጋር ተቀምጠው ትምህርቱን ጀመሩ፤ በ1957 ዓ.ም. በ38 ዓመታቸው ሐኪም ሆኑ።

ቀጥሎም የምርምር ድጋፍ አግኝተው፣ ከ1958 እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ የአየርላንድ ደናግል በምሥራቅ ለንደን በሚያስተዳድሩት በቅዱስ ዮሴፍ የሟቾች ማረፊያ ሠሩ። ደናግሉ ርኅሩኆች ነበሩ፤ የመድኃኒት አሰጣጡ ሥርዓት ግን አልነበረውም። ሲስሊ በየ4 ሰዓቱ የሚሰጠውን ልማድ አስገቡ፤ ከዚያም ለየሕመምተኛው ካርድ ከፍተው ሕመሙን፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን መመዝገብ ጀመሩ። መዝገቡ ከ1,000 ሰው በላይ ደረሰ። በዚያን ጊዜ እንግዳ የነበረውን የድምፅ መቅረጫ ይዘው እየገቡ፣ ሕሙማኑ ስለ ሥቃያቸው በራሳቸው ቃል የሚሉትን ይቀርጹ ነበር። ሲያነጋግሯቸውም ቆመው አልነበረም፤ ወንበር ስበው፣ ዓይናቸው ከሕመምተኛው ዓይን ጋር እስኪተካከል ዝቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከሚንከባከቡት ሰዎች ምን እንደሚፈልግ የተጠየቀ አንድ ሕመምተኛ፣ ሰዎቹ ሊረዱት እንደሚጥሩ ፊታቸው ላይ ቢያይ እንደሚበቃው መናገሩን ሲያስተምሩ ደጋግመው ያነሡት ነበር። የተጠየቀው መረዳት እንኳ ሳይሆን መጣር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሥቃይ ምልክቶች መናገር ያስፈልጋል። ድንገተኛ ሕመም ራሱን ያሳውቃል፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ይጮኻል፣ ያልበዋል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል። ወራት የቆየ የነቀርሳ ሕመም ግን ሰውነት ስለሚለምደው እነዚህን ምልክቶች ያጣል። የልብ ምቱም የደም ግፊቱም ደኅና ሆኖ ሰውዬው በከባድ ሥቃይ ላይ ሊሆን ይችላል። የሙቀትና የደም ግፊት ሰንጠረዥ ብቻ አይቶ የሚያልፍ ባለሙያ ይህን አያገኘውም። ሊታይ የሚገባው ሌላ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞሩ፣ ልጁ ሲመጣ አለመናገሩ፣ ለማገላበጥ ሲነካ ጥርሱን መንከሱ፣ በአንድ ጎን ብቻ መተኛቱ፣ ሌሊቱን ዓይኑን ገልጦ ማደሩ፣ እህል መከልከሉ ነው። መናገር ለተሳነው ደግሞ የግንባር መቋጠር፣ የሚያመውን ስፍራ በእጅ መሸፈን፣ ቁስል ሲታጠብ የሚለወጠው አተነፋፈስ ቃል ሆነው ይነበባሉ። ያለ ምክንያት የሚመስል መወራጨት በፊኛ መሙላት ወይም በሆድ ድርቀት ሊመጣ ስለሚችል፣ የማስታገሻ መርፌ ከማንሣት በፊት ሆዱን በእጅ መዳሰስ ይገባል። በአንጻሩ፣ ሊሞት በተቃረበ ሰው ጉሮሮ የሚሰማው ማንኮራፋት አስታማሚዎቹን ክፉኛ ቢያስጨንቅም፣ ራሱን ለሳተው ሕመምተኛ ሥቃይ ላይሆን ይችላል፤ ለቤተ ሰቡ ይህን ማስረዳት ራሱ አንድ ሕክምና ነው።

በ1959 ዓ.ም. ሲስሊ ስለ ሟቾች አያያዝ ተከታታይ ጽሑፎችን አወጡ። ያወጡትም በሐኪሞች መጽሔት ሳይሆን በእንግሊዝ ነርሶች መጽሔት ላይ ነበር፤ ነገሩን በተግባር የሚያውለው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበርና። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ሂንተን የተባሉ የአእምሮ ሕክምና ሐኪም በለንደን አንድ ሆስፒታል 102 ሟቾችን እየተመላለሱ አነጋግረው፣ የሥጋም የመንፈስም ጭንቀታቸው ከሌሎች ጽኑ ሕሙማን ይልቅ የበረታ መሆኑን በቁጥር አሳዩ። ሲስሊ ከአልጋ አጠገብ የሰሙት በዚህ ዓይነት በሌላ መንገድም ተረጋገጠ።

ትልቁ ሐሳባቸው የተወለደው በ1964 ዓ.ም. ገደማ ነው። አንዲት ሕመምተኛ ስለ ሕመሟ ስትጠየቅ ከጀርባዋ ጀምራ፣ ወደ ሌላው አካሏ ተሻገረች፤ ከዚያም ባሏና ልጇ እርሷን ሲያስታምሙ ከሥራ ቀርተው ገቢ ስለ ማጣታቸው፣ ማንም ያልተረዳት ስለ መሰላት፣ ከዚህ ቤት ከገባች ወዲህ ስለ ተሰማት መረጋጋት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ሲስሊ ልብ ያሉት፣ ሴትዮዋ ከርእሱ አለመውጣቷን ነው። ሁሉም ሕመሟ ነበር። ይህንን ሁለንተናዊ ሕመም ብለው ሰየሙት፤ የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ሥቃይ አንዱ ከሌላው ተጠላልፎ የሚገኝበት ማለት ነው። በሞርፊን ያልበረደ ሕመም መጠኑ ስላነሰ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ለዋግ ገበሬ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ለሕክምና ሲባል የተሸጠው በሬ፣ ሳይታረስ የቀረው ማሳ፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ የነፍስ አባቱን ሳያገኝ መሞቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ደሴ ተልኮ፣ አባቶቹ ከተቀበሩበት ደብር ርቆ መቅረቱ፣ እያንዳንዱ ከሆዱ ቁስል ጋር አብሮ ይመታል። አስታማሚዎቹም መጥፎ ወሬ እንዳይሰማ ስለሚከላከሉለት፣ የሚያስጨንቀውን የሚያወራለት ሰው ያጣል። እርሱ እነርሱን ላለማሳዘን ዝም ይላል፤ እነርሱም እርሱን ላለማሳዘን ዝም ይላሉ። ሲስሊ በዚህ ረገድ የነበራቸው መንገድ፣ ሕመምተኛው ምን እንደሚያውቅና ምን ለማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ነበር፤ በግድ አለመንገር፣ ሲጠይቅም አለመዋሸት።

የሕክምናው ዓለም ከሁሉ ይበልጥ የተቃወማቸው በሱስ ጉዳይ ነው። ሞርፊን አዘውትሮ መስጠት ሰውን ሱሰኛ ያደርጋል፣ ትንፋሽን ያቆማል የሚለው ፍርሃት ሥር የሰደደ ነበር፤ ዛሬም ከየሆስፒታሉ አልወጣም። የሲስሊ ካርዶች፣ ለሥቃይ በተመጠነ መጠን በየሰዓቱ ሲሰጥ ሕሙማኑ መጠኑን ያለ ልክ እየጨመሩ እንደማይሄዱ አሳዩ። በኋላም ባልደረባቸው ሮበርት ትዋይክሮስ በ1970ዎቹ ዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ በእንግሊዝ ይመረጥ የነበረው ውድ የሞርፊን ዘመድ ከተራው ሞርፊን በአፍ ሲሰጥ ብልጫ እንደሌለው አረጋገጡ። በዘመኑ ከኮኬይንና ከአልኮል ጋር ተደባልቆ ይሰጥ የነበረው ውሑድም በቀላሉ የሞርፊን ውኃ ተተካ። ይህ ለድኻ አገር ትልቅ የምሥራች ነበር፤ ርካሹ መድኃኒት በቂ ነውና።

ገንዘብ ሲለምኑና ሲያሰባስቡ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የቅዱስ ክሪስቶፈር ማረፊያ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ተከፈተ። 54 አልጋዎች ነበሩት። ከዚያ በፊት ከነበሩት የሟቾች ቤቶች የሚለየው፣ ማስታመምን፣ ማስተማርንና ምርምርን በአንድ ጣሪያ ሥር ማዋሐዱ ነው። የታስማም መስኮት በመግቢያው ላይ ተሠራ። በ1969 ዓ.ም. ነርሶቹ ወደየሕሙማኑ ቤት እየሄዱ መርዳት ጀመሩ፤ ብዙው ሰው በቤቱ መሞት እንደሚመርጥ ታውቆ ነበርና።

ሲስሊ የዋህ መልአክ አድርገው የሚሥሏቸው ጽሑፎች አሉ፤ ያ ሥዕል እውነቱን አይገልጸውም። ቆራጥ፣ አዛዥነት የሚያጠቃቸው፣ ሐሳባቸውን በቀላሉ የማይለውጡ ሴት ነበሩ። ጽኑ ክርስቲያን ቢሆኑም ቤታቸው ለሁሉም እምነት ሰው ክፍት እንዲሆን አደረጉ። ሕመምተኛን በመድኃኒት መግደል እንዲፈቀድ የሚጠይቁትን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሥቃዩ ከተቃለለ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ አቋማቸው እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። የግል ኀዘናቸውም ብዙ ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. በቅዱስ ዮሴፍ ሲያስታምሙት የወደዱት አንቶኒ ሚክኒየቪች የተባለ ፖላንዳዊ ሕመምተኛ ሞተ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ አባታቸው አረፉ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ማሪያን ቦሁሽ ሺሽኮ የተባሉትን ፖላንዳዊ ሠዓሊ አገቡ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ከእጃቸው ወጥቶ በዓለም ተሰራጨ። በ1975 ዓ.ም. በካናዳ ሞንትሪያል፣ በ1979 ዓ.ም. በዚምባብዌ፣ በ1990 ዓ.ም. በናይሮቢ ተመሳሳይ አገልግሎት ተጀመረ። በ1986 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ሕመም በሦስት ደረጃ መሰላል፣ በአፍና በሰዓቱ እንዲታከም መመሪያ አወጣ። በእንግሊዝ የማስታገሻ ሕክምና በ1987 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዘርፍ ሆነ። ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የኡጋንዳ ምሳሌ ነው፤ በ1993 ዓ.ም. በተጀመረው አገልግሎት የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ በጠርሙስ ለሕሙማን ይሰጥ ጀመር፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዙ ተፈቀደ። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ2016 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው በእያንዳንዱ የሕሙማን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አለ ብሎ መናገር ግን ያዳግታል። ሞርፊኑ እስኪደርስም ቢሆን፣ በሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ የሆነ ባለሙያ ወንበር ስቦ ለመቀመጥ፣ ኽምጣና የሚናገር ሰው ጠርቶ ለመጠየቅና ያየውን በካርድ ላይ ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ዴም የሚለው የክብር መዓርግ የተሰጣቸው ሲስሊ ሳውንደርስ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ የቅዱስ ክሪስቶፈር ዋና ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ከዚያ በኋላም ከቤቱ አልራቁም። በ1989 ዓ.ም. በእንግሊዝ እጅግ ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጠውን የኦርደር ኦፍ ሜሪት ኒሻን ተሸለሙ። ባለቤታቸው በ1995 ዓ.ም. እዚያው ቤት ውስጥ አረፉ። እርሳቸውም የጡት ነቀርሳ ይዟቸው፣ ሐምሌ 14 ቀን 2005 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው፣ በዚያው በመሠረቱት ማረፊያ ነርሶች እጅ አረፉ።